ከሸንኮራ እርሻ የተነሱት ሙታን

ዞምቢ ሲባል ዛሬ በዓይነ ሕሊናችን የሚመጣው ልብሱ ተቦጫጭቆ፣ እግሩን እየጎተተ፣ የሰው ሥጋ ፍለጋ የሚንከራተት ሙት ነው። የዚህ ሙት ቅድመ አያቶች ግን ሰው አይበሉም ነበር፤ ሸንኮራ አገዳ ነበር የሚቆርጡት። ጌታ ነበራቸው። ጌታቸው ያዘዛቸውን ይሠራሉ፣ ሂዱ ሲላቸው ይሄዳሉ፣ ቁሙ ሲላቸው ይቆማሉ። እነዚህ ታዛዥ ሙታን ጌታቸውን ያጡበትና የዓለምን ሲኒማ ያጥለቀለቁበት ታሪክ ከ200 ዓመት በላይ ወደኋላ ይወስደናል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መነሻው የካሪቢያን ባሕር ነው። ዛሬ ሄይቲ የምንላት አገር በ1780ዎቹ ሳን ዶማንግ የምትባል የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ነበረች። ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ከምዕራብና ከመካከለኛው አፍሪካ ተግዘው የመጡ፣ በባርነት ይሠሩባታል። አውሮፓውያን ቡናቸውን የሚያጣፍጡበት ስኳር ትልቁ ድርሻ የሚመጣው ከዚያ ነበር። በአገዳ መከር ወራት መፍጫው ሌሊትም አይቆምም። ጣቱ በመፍጫው የተያዘበትን ሠራተኛ ሙሉ ሰውነቱ ሳይገባ ክንዱን ቆርጠው የሚያስቀሩበት መጥረቢያ ከአጠገቡ ይቀመጥ ነበር። ከመርከብ የወረደ ሰው ብዙውን ጊዜ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይሞታል፤ ባለ እርሻው በምትኩ ሌላ ይገዛል።

እንዲህ ላለው ሰው ሞት ግልግል ነበር። ነፍሱ ባሕሩን ተሻግራ ወደ አባቶቹ አገር ወደ ጊኒ እንደምትመለስ ያምናል። ከዚህ ተስፋ ጋር ግን አንድ ክፉ ሥጋት አብሮ በቀለ። ቦኮር የተባለው ጠንቋይ ሙቱን ከመቃብር አውጥቶ፣ ነፍሱን ነጥቆ፣ እንደገና አገዳ እንዲቆርጥ ቢያሰማራውስ? ሞቶ እንኳ ከሥራ የማያርፍ ሰው፣ እሱ ነበር ዞምቢ። ስለዚህ የሄይቲ ገበሬ ዞምቢ መንገድ ላይ ያገኘኛል ብሎ አይጨነቅም ነበር፤ የሚያስጨንቀው እሱ ራሱ ወይም የቀበረው ልጁ ዞምቢ መሆኑ ነው። ሰው ሲሞትበት መቃብሩን በከባድ ድንጋይ መክደኑና ሌሊት መጠበቁም ከዚሁ ጭንቀት የመጣ ነበር።

በነሐሴ 1791 በባርነት የነበሩት ሰዎች እርሻዎቹን አቃጥለው ተነሱ። ከ12 ዓመት በላይ ተዋግተው የናፖሊዮንን ጦር ካሸነፉ በኋላ ጥር 1 ቀን 1804 ነጻ አገር መሠረቱ። ጌታው ሄደ፤ ሥጋቱ ግን ቀረ። በ1915 ደግሞ ሌላ ጌታ መጣ። የአሜሪካ ባሕር ወለድ ጦር በፖርቶ ፕሪንስ ወደብ አርፎ አገሪቱን ለ19 ዓመታት ያዘ። ወታደሮቹ መንገድ ለማሠራት ገበሬውን ከየመንደሩ እየሰበሰቡ ያለ ክፍያ በግዴታ አሠሩት። አንዳንዱ በገመድ ታስሮ ይነዳ ነበር። አያቶቹ ከባርነት ለመውጣት ደማቸውን ላፈሰሱለት ሕዝብ ይህ ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያዳግትም። በ1918 አመጽ ተነሳ፤ መሪው ሻርለማኝ ፔራልት በቀጣዩ ዓመት ተገደለ።

ዞምቢ ከሄይቲ ወጥቶ ወደ ውጭው ዓለም የተሻገረው በዚህ ወረራ ዘመን ነው። ዊልያም ሲብሩክ የተባለ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ወደ ሄይቲ ሄዶ በ1929 «ዘ ማጂክ አይላንድ» የተባለ መጽሐፍ አሳተመ። በዚያ መጽሐፍ ከአንድ ገበሬ ሰማሁት ብሎ የጻፈው ታሪክ እንዲህ ነው። በ1918 የአገዳው ምርት ከመጠን በላይ ሆኖ ሃስኮ የተባለው የሄይቲና የአሜሪካ ስኳር ኩባንያ ሠራተኛ ይፈልግ ነበር። ቲ ጆሴፍ የሚባል ሰው ልብሳቸው የተቀዳደደ፣ ዓይናቸው የፈዘዘ ሰዎች ይዞ መጥቶ አስመዘገበ። ቀን ሙሉ ፀሐይ ላይ ያሠራቸዋል፤ ደመወዛቸውን እሱ ይቀበላል። ማታ ማታ የሚሰጣቸው ጨው የሌለበት ምግብ ነው፤ ዞምቢ ጨው ከቀመሰ ሙት መሆኑን ያውቃልና። አንድ የበዓል ቀን የጆሴፍ ሚስት አዘነችላቸውና ወደ ከተማ ወስዳ ጣፋጭ ገዛችላቸው። በጣፋጩ ውስጥ የነበረው ለውዝ ጨው ነክቶት ኖሯል። ቀመሱት። ወዲያው መሞታቸው ታወቃቸው፤ በአንድ ድምፅ ጮኸው ፊታቸውን ወደ ተራራው አዙረው ጉዞ ጀመሩ። ዘመዶቻቸው በየመንገዱ ስማቸውን እየጠሩ ቢለምኗቸውም አልቆሙም። እያንዳንዱ መቃብሩ ሲደርስ አፈሩን በእጁ ይቧጥጥ ጀመር፤ አፈሩንም እንደነካ እንደ ማንኛውም ሬሳ ተዘረረ።

ሲብሩክ ማጋነን የሚወድ ሰው ነበር፤ መጽሐፉም ሄይቲን የጥንቆላ አገር አድርጎ በመሳል ለወራሪው ምክንያት ያቀብል ነበር ተብሎ ይወቀሳል። ይህ ታሪክ ግን የሚናገረው በመጀመሪያ ስለ አሠሪና ስለ ሠራተኛ ነው። ከ3 ዓመት በኋላ፣ በ1932፣ ቪክተር ሃልፐሪን የተባለ ዳይሬክተር «ኋይት ዞምቢ»ን ሲሠራ ይህንኑ አልጣለውም። በድራኩላ ፊልም የታወቀው ቤላ ሉጎሲ የስኳር ፋብሪካ ያለው ጠንቋይ ሆኖ ይተውናል። ፋብሪካውን የሚያንቀሳቅሱት ዞምቢዎች ናቸው። በአንድ ትዕይንት አንዱ ሚዛኑን ስቶ ወደ መፍጫው ይወድቃል፤ ሌሎቹ ዞር ብለው አያዩም፤ መፍጫው ሲጢጥ እያለ ይቀጥላል። ፊልሙ የታየው ኢኮኖሚው ወድቆ ሚሊዮኖች ሥራ ባጡበት በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ነው። ያም ሆኖ የአሜሪካ ተመልካች እንዲደነግጥ የተፈለገው ለጥቁሮቹ ሠራተኞች አልነበረም፤ ጠንቋዩ ለያዛት ነጭ ሙሽራ ነበር።

የአሜሪካ ጦር ሄይቲን ለቆ የወጣው በ1934 ነው። ሆሊዉድ የሬሳና የጠንቋይ አገር ያደረጋት ይህች አገር በቀጣዩ ዓመት ለእኛ ምን እንዳደረገች እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል። ፋሺስት ጣሊያን ኢትዮጵያን ስትወር የሄይቲ ተወካይ ጄኔራል አልፍሬድ ኔሙር በጄኔቭ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ቆመው፣ ትልቅም ሆነ ትንሽ አገር ነገ የኢትዮጵያ ዕጣ ሊደርሰው እንደሚችል አስጠነቀቁ። የወረራን ምሬት ገና ከአፉ ያልተፋ አገር ተወካይ ነበሩና የሚናገሩትን ያውቁ ነበር።

በፊልሙ ዓለም ግን ዞምቢ እየተዳከመ ሄደ። በ1943 ዣክ ቱርነር የሠራው «አይ ዎክድ ዊዝ ኤ ዞምቢ» ውብ ፊልም ቢሆንም ከዚያ በኋላ የመጡት አብዛኞቹ ርካሽና የሚያስቁ ነበሩ። ለውጡ የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። በ1954 ሪቻርድ ማቲሰን «አይ አም ሌጀንድ» የተባለ ልብ ወለድ አሳተመ። በሽታ የሰውን ዘር በሙሉ ወደ ደም መጣጭነት ለውጦ አንድ ሰው ብቻ በሎስ አንጀለስ ቀርቷል። ቀን ቀን እያደነ ይገድላቸዋል፤ ማታ ቤቱን በጣውላ ዘግቶ ጎረቤቶቹ በር ላይ ቆመው ስሙን ሲጠሩ ያዳምጣል። የመጽሐፉ ፍጡራን ዞምቢዎች አይደሉም። ግን ቸነፈሩ፣ የተከበበው ቤት፣ የመጨረሻው ሰው፣ ሁሉም እዚያ ነበሩ።

ይህን መጽሐፍ ካነበቡት አንዱ በፒትስበርግ ከተማ ማስታወቂያ እየሠራ የሚተዳደር ጆርጅ ሮሜሮ የተባለ ወጣት ነበር። ሐሳቡን ከማቲሰን እንደወሰደ ኋላ ራሱ አልደበቀም። በ1967 እሱና ጓደኞቹ አሥር ሆነው በነፍስ ወከፍ 600 ዶላር አዋጥተው ፊልም ጀመሩ። እየለመኑ እየጨመሩ በመጨረሻ የወጣው ገንዘብ 114 ሺህ ዶላር ገደማ ደረሰ። በፔንሲልቬንያ ገጠር ሊፈርስ የተወሰነ አሮጌ ቤት ተከራዩ፤ የሚፈርስ በመሆኑ በሩንና መስኮቱን እንደፈለጉ ሊሰብሩት ይችላሉ። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ በመሆኑ ደም የሆነው የቸኮሌት ሽሮፕ ነው። ሙታኑ የሚጎርሱት ሆድ ዕቃ እውነተኛ የእንስሳ ሥጋ ነበር፤ ከባለ ድርሻዎቹ አንዱ ባለ ሥጋ ቤት ነበርና። ዞምቢ ሆነው የተወኑትም የአካባቢው ሰዎችና ወዳጆቻቸው ናቸው።

ታሪኩ ቀላል ነው። አንድ ወንድምና እህት የአባታቸውን መቃብር ሊጎበኙ ሲሄዱ ሙት ያጠቃቸዋል። እህቲቱ ባርብራ አምልጣ ባዶ ቤት ትገባለች። ቤን የሚባል ሰው ይደርስና በሩን በጣውላ ይመታል። ምድር ቤቱ ውስጥ ደግሞ ሃሪ ኩፐር ከሚስቱና ከተነከሰች ልጁ ጋር፣ እንዲሁም ሁለት ወጣት ፍቅረኛሞች ተደብቀዋል። ከዚያ በኋላ ፊልሙ በአብዛኛው ጭቅጭቅ ነው። ኩፐር ምድር ቤት ገብተን እንቆልፍ ይላል። ቤን የለም፣ እዚያ ከገባን መውጫ የለንም፣ ላይ ሆነን እንከላከል ይላል። ቴሌቪዥኑ አንዴ ቤታችሁ ቆዩ፣ አንዴ ወደ መጠለያ ሂዱ ይላል። ሙታኑ ውጭ ቆመው ይጠብቃሉ።

የሮሜሮ ትልቁ ለውጥ ጌታውን ማጥፋቱ ነው። እነዚህን ሙታን ያስነሳ ጠንቋይ የለም፤ ባለ ፋብሪካ የለም። ስለ ጨረር አንድ ወሬ ይነሳል፤ ማንም አያረጋግጠውም። በድሮዎቹ ፊልሞች ጠንቋዩ ሲሞት ድግምቱ ይፈታል፤ ሁሉም ይገላገላል። አሁን የሚገደል ጌታ ስለሌለ የሚጠየቀው ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሆነ። የዞምቢ ታሪክ የሸንኮራውን እርሻ ትቶ ስለ እኛ መናገር የጀመረው በዚህ ጊዜ ነው።

የቤንን ቦታ የያዘው ዱዌን ጆንስ ጥቁር ነበር። በጽሑፉ ላይ ስለ ቆዳ ቀለሙ የተባለ ነገር የለም፤ ሮሜሮ እንደሚለው ለፈተና ከቀረቡት ሁሉ የተሻለው እሱ ስለነበረ ተመረጠ። ኤፕሪል 4 ቀን 1968 ሮሜሮና ጓደኛው የተጠናቀቀውን ፊልም መኪናቸው ውስጥ ጭነው አከፋፋይ ፍለጋ ወደ ኒው ዮርክ ሲያመሩ ማርቲን ሉተር ኪንግ መገደላቸውን በሬዲዮ ሰሙ። መኪናው ውስጥ በጫኑት ፊልም መጨረሻ ቤን ብቻውን ሌሊቱን ያልፋል፤ ሲነጋ ነፍስ አድን ብለው የመጡ ጠመንጃ የያዙ ነጮች በመስኮት አይተው ግንባሩን ይመቱታል። ሬሳውን በሥጋ ቤት ሜንጦ እየጎተቱ ከሙታኑ ጋር ያቃጥሉታል። በዚያ ዓመት አሜሪካ ውስጥ ይህን ያየ ሰው ስለ ምን እንደሚያይ ማንም አስረጂ አላስፈለገውም።

ፊልሙ «ናይት ኦፍ ዘ ሊቪንግ ዴድ»፣ በእኛ አነጋገር «የሕያዋን ሙታን ሌሊት»፣ በጥቅምት 1968 ፒትስበርግ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። አከፋፋዩ በመጨረሻ ሰዓት ርዕሱን ሲቀይር በአሮጌው የርዕስ ጽሑፍ ላይ የነበረው የቅጂ መብት ማሳሰቢያ አብሮ ተወገደ። በጊዜው በነበረው የአሜሪካ ሕግ ማሳሰቢያ ሳይኖረው የተሰራጨ ሥራ የሕዝብ ንብረት ይሆን ነበር። ስለዚህ ማንም ቴሌቪዥን ጣቢያ፣ ማንም ቪዲዮ ሻጭ ሳይከፍል አሳየው፣ አባዛው። ሮሜሮ ሊያገኝ የሚገባውን ገንዘብ አጣ፤ ሙታኑ ግን በየቤቱ ገቡ። ከሌላ ሰው ፊልም ተወስደው ሊሠራባቸው የማይከለከሉ፣ ለልብስና ለሜካፕ ብዙ ወጪ የማይጠይቁ ፍጡራን በመሆናቸው ካሜራ የያዘ ወጣት ሁሉ ተቀባበላቸው። የዞምቢ ፊልም እንዲህ የበዛበት አንዱ ምክንያት ይህ የወረቀት ስህተት ነው።

በ1978 ሮሜሮ «ዶውን ኦፍ ዘ ዴድ»ን ይዞ ተመለሰ። ቀረጻው በፒትስበርግ አቅራቢያ በሚገኘው የሞንሮቪል የገበያ ማዕከል ነበር፤ ሱቆቹ ማታ ሲዘጉ ገብተው፣ ጠዋት ሳይከፈቱ ይወጣሉ። የገና ጌጥ በተሰቀለባቸው ሳምንታት ሥራ አቆሙ። የቁስሉንና የደሙን ሜካፕ የሠራው ቶም ሳቪኒ በቬትናም የጦር ሜዳ ፎቶ አንሺ ነበር፤ ሬሳ ምን እንደሚመስል የሚያውቀው ከዚያ ነው። በፊልሙ አራት ሰዎች ማዕከሉን ይዘው በሩን ይዘጋሉ። ፀጉር ካፖርት፣ ሰዓት፣ ምግብ፣ ሁሉም በነጻ ነው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ምን እንደሚያደርጉበት ይጠፋቸዋል። ውጭ ያሉት ሙታን መስታወቱን ይገፋሉ፤ በሕይወት ሳሉ ይመላለሱበት ስለነበር እግራቸው ወደዚያው ይመራቸዋል። በካሪቢያን ለሥራ የተነዳው ሙት አሜሪካ ውስጥ ሸማች ሆነ።

1980ዎቹ በቪዲዮ ካሴት የተሞሉ ነበሩ። ማይክል ጃክሰን በ1983 «ትሪለር» ላይ ከሙታን ጋር ሲጨፍር ዞምቢ የሕጻናትም ጨዋታ ሆነ። በ1996 ካፕኮም የተባለው የጃፓን ኩባንያ «ሬዚደንት ኢቭል»ን አወጣ፤ ተጫዋቹ ራሱ በተዘጋው ቤት ውስጥ ጥይት እየቆጠረ ይሸሻል። ከዚህ በኋላ ዞምቢ የሚመጣው ከቤተ ሙከራ ነው፤ መቃብር የሚባል ነገር እየተረሳ ሄደ።

በ2002 የዳኒ ቦይል «28 ዴይስ ሌተር» እንግሊዝ ውስጥ ታየ። ከሆስፒታል አልጋ የተነሳ ወጣት ባዶ በሆነችው ለንደን በአንድ ድልድይ ላይ ብቻውን ይሄዳል። ይህን ለመቅረጽ ትልቅ ካሜራ አላስፈለገም፤ ትንንሽ ዲጂታል ካሜራዎች ይዘው ማለዳ ላይ መንገዱን ለደቂቃዎች ብቻ አስቆሙ። የዚህ ፊልም ሕመምተኞች አልሞቱም፤ የቁጣ ቫይረስ ይዟቸው ይሮጣሉ። ቀረጻው ገና ሳያልቅ የመስከረም 11 ጥቃት በኒው ዮርክ ደረሰ፤ ፊልሙ በ2003 አሜሪካ ሲገባ ሳርስ የተባለው ወረርሽኝ በእስያ ሰው እየገደለ ነበር። ተመልካቹ በልቡ ይዞት የመጣውን ፍርሃት በስክሪኑ ላይ አገኘው።

በዚያው በ2003 ሮበርት ኪርክማን «ዘ ዎኪንግ ዴድ» የተባለውን በሥዕል የሚነገር ታሪክ በትንሽ መጽሔት ማሳተም ጀመረ። የኪርክማን ሐሳብ ፊልሙ ሲያልቅ ምን ይሆናል የሚል ነበር፤ ሰዎቹ ለዓመታት ቢቀጥሉስ? በ2010 ታሪኩ ወደ ቴሌቪዥን ተሻገረ፤ በ2014 አንዱን ክፍል በአሜሪካ ብቻ 17 ሚሊዮን ያህል ሰው ተመለከተው። የመጀመሪያው ምዕራፍ የሚያበቃው አትላንታ ባለው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ሕንጻ ፍንዳታ ነው። እውነተኛው ማዕከል ከወራት በኋላ፣ በግንቦት 2011፣ ለዞምቢ ወረራ እንዴት መዘጋጀት እንደሚቻል የሚገልጽ ምክር በድረ ገጹ አወጣ፤ ውኃ፣ ምግብ፣ መድኃኒት፣ የቤተሰብ መገናኛ ቦታ። ለዞምቢ የተዘጋጀ ሰው ለአውሎ ነፋስም ይዘጋጃል የሚል ብልሃት ነበር። ሰው ከመብዛቱ የተነሳ ድረ ገጹ ተቋረጠ።

በ2016 ታሪኩ ደቡብ ኮሪያ ደረሰ። የዮን ሳንግ ሆ «ትሬን ቱ ቡሳን» በአብዛኛው ከሴኡል ወደ ቡሳን በሚበር ባቡር ውስጥ ይካሄዳል። አንድ ራስ ወዳድ አባትና ልጁ፣ ከጥቂት ሰዎች ጋር፣ በሙታን የተሞሉ ፉርጎዎችን በጨለማ አልፈው ደህና ሰዎች ወዳሉበት ይደርሳሉ። በሩ ከውስጥ ታስሯል። ጥሩ ልብስ የለበሱት መንገደኞች ታምማችሁ ሊሆን ይችላል ብለው አይከፍቱም። በሩ ተሰብሮ ሲገቡም በሌላ ክፍል ለይተው ይዘጉባቸዋል። በኮሪያ ብቻ ከ11 ሚሊዮን በላይ ተመልካች ሲኒማ ገብቶ አየው። ብዙ ሐያስያን ከ2 ዓመት በፊት 304 ሰዎች፣ አብዛኞቹ ተማሪዎች፣ ካለቁበት የሴዎል መርከብ አደጋ ጋር አያያዙት፤ ያኔም ልጆቹ የተነገራቸው ባላችሁበት ቆዩ የሚል ነበርና።

ሮሜሮ በሐምሌ 2017 አረፈ። ከ3 ዓመት በኋላ ኮቪድ መጣና የፊልሙ ጥያቄ የሁላችን ሆነ፤ በሩን እንክፈት ወይስ እንዝጋ? ማንን እናስገባ? የትኛውን መግለጫ እንመን? ኮልታን ስክሪቭነርና ባልደረቦቹ በ2021 ባሳተሙት ጥናት የዞምቢና የመሰል ጥፋት ፊልሞች ወዳጆች በወረርሽኙ ወራት ከሌሎች ሰዎች ይልቅ ተዘጋጅተውና ተረጋግተው እንደተገኙ ጻፉ። ይህን ያህል ትልቅ ድምዳሜ ባይጫንበትም፣ ሰው ክፉ ቀንን በጨዋታ መልክ አስቀድሞ መለማመድ መፈለጉ አዲስ ነገር አይደለም። በ2023 «ዘ ላስት ኦፍ አስ» ከቪዲዮ ጌም ወደ ቴሌቪዥን ሲመጣ ተመልካቹ ከወረርሽኙ ገና መውጣቱ ነበር፤ አልሰለቸውም። በ2025 ደግሞ ዳኒ ቦይል «28 ይርስ ሌተር»ን አስከተለ።

ይህን ሁሉ ያቆየው ደሙና ቁስሉ ነው የሚሉ አሉ። አይመስለኝም። ደም የበዛባቸው ሌሎች ፊልሞች መጥተው ተረስተዋል። ዞምቢ የቆየው ራሱ ከሥጋ ሌላ ምንም ስለማይፈልግ፣ ስለማይደራደርና ስለማይዋሽ ነው፤ በዚህም ፈተናውን በሙሉ ለሕያዋኑ ይተወዋል። ጀማሪ ተመልካች ካለ ከ1968ቱ ፊልም ይጀምር፤ 96 ደቂቃ ነው፣ ዛሬም ያለ ክፍያ በሕጋዊ መንገድ ይገኛል። ሲያየው በዚያ ቤት የተሰበሰቡትን ሰባት ሰዎች ይቁጠር። አንዳቸውም አይተርፉም። ከሰባቱ አራቱን የገደላቸው ግን የሙታን ጥርስ አይደለም፤ ሕያዋን የተኮሱት ጥይትና በራሳቸው መኪና ላይ የተነሳ እሳት ነው።